ማርቆስ ሐጎስና የኢሠአማ የመጨረሻ ወራት

ከየካ ክፍለ ከተማ በላይ ካለው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ማገዶና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩ እናቶች የአዲስ አበባን ምድጃ ለረጅም ዘመን ያነደዱ ናቸው። ይሁን እንጂ ቀጣሪ ስላልነበራቸው በ1955 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ሲቋቋም በአባልነት የሚታቀፉበት በር አልነበረም። የቤት ሠራተኞችና የመንግሥት ሠራተኞችም እንደዚሁ በሕጉ አልታቀፉም። ማኅበሩ የፋብሪካ፣ የማመላለሻና የትላልቅ እርሻዎች ሠራተኞች ነበር፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር አቶ አብርሃም መኮንንም የወጡት ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ነው።

ኢሠአማ በአቶ በየነ ሰሎሞን ሊቀ መንበርነት ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም ጀምሮ ለአራት ቀናት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። 100,000 ያህል ሠራተኞች እንደተሳተፉበት ይነገራል። ደርግ ሥልጣን በያዘ በሳምንቱ ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም በመጠየቁ አቶ በየነና ሁለት የአመራር ጓዶቻቸው ታሰሩ። እነዚህ መሪዎች ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር ባላቸው ቅርበት በግራ ዘመሞች ዘንድ ይወቀሱ ነበር፤ ሆኖም ወኅኒ የወረዱት ግራ ዘመሞቹም በሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

በ1967 ዓ.ም ማርቆስ ሐጎስ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ። ያ ዓመት አርሶ አደሩ የማይረሳው ነው፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ በየ20 ጋሻው የገበሬ ማኅበር መደራጀት ጀምሯል። ማርቆስ የኢሕአፓ አመራር አባል ነበር። ጉባኤው በመስከረም 1968 ዓ.ም የመናገርና የመደራጀት ነፃነት፣ የሥራ ማቆም መብትና በሕዝብ የተመረጠ መንግሥት እንዲኖር ጠየቀ፤ ጥያቄው ካልተመለሰ አድማ እንደሚጠራም አስታወቀ። የአቋም መግለጫውን ሲበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሰዎች ሞቱ። በመዲናይቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

አድማው ግን እንደታሰበው አልሰመረም። ጥይቱና እስራቱ ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ የፓርቲው ጥያቄ ከአባሉ የዕለት እንጀራ ጥያቄ ቀድሞ መሄዱም ሳይጎዳ አልቀረም። መብቱን የጠየቁት ለሁሉም ነበር፤ ብዙው ሠራተኛ ግን ደመወዙን ትቶ ለመውጣት አልደፈረም። በዚያው ዓመት በወጣው አዲስ የሠራተኛ አዋጅ ኢሠአማ ፈረሰ፤ ማርቆስም በኅቡዕ መኖር ጀመረ።

በጥር 1969 ዓ.ም በመንግሥት ድጋፍ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ በማግሥቱ ወር ተገደለ፤ ግድያው የኢሕአፓ መሆኑ ይነገራል። ማርቆስ ሐጎስም በዚያው በ1969 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተገደለ።