ዓሣውን ወደን፣ አጥማጁን ንቀን

ጾም በገባ ቁጥር ዓሣ ይፈለጋል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና እስቲ ሌላ ጥያቄ እናንሳ፦ ሞተር ጀልባ ሳይመጣ በፊት የጣናን ዓሣ ማን ያወጣው ነበር?

በአመዛኙ ነገደ ወይጦ ነው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ መልስ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ ሙያው አንዴ ተምረው የሚጨርሱት አይደለም፤ ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ደጋግሞ ይማረዋል። በዚያ ታንኳ የተጓዘው ቀረሶና አምባዛ ብቻም አይደለም፤ እህሉም፣ ማገዶውም፣ የደሴቱ መነኩሴም ተሳፍሮበታል።

ታዲያ ውለታው ምን ሆነ? ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ተጠሉ። ሙስሊም ነን ቢሉም ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንኳ በሙሉ ልብ አልተቀበሏቸውም። ዓሣውን ከእጃቸው ገዛን፤ አብረናቸው ግን ማዕድ አልቆረስንም። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን ያየንበት ዓይን ነው። ሥራውን ፈልጎ ሠሪውን መናቅ የቆየ አመላችን ነው።

ንቀት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ሲመጣ ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲደርስ ያገኘው ግን አማርኛ ነው፤ ከጥቂት እንግዳ ቃላት ጋር። ቋንቋው ከየትኛው ወገን እንደነበረ እንኳ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

ቋንቋው ሄደ፤ ሙያው ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ መጡ። ዓሣው ለከተማ ደረሰ፣ ለብዙዎችም እንጀራ ሆነ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡትን ዓሦች መረቡ ወንዝ አፍ ላይ ጠበቃቸው። በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም የማይገኙት 15 ገደማ የባርበስ ዝርያዎች በ1990ዎቹ ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ ተመናመኑ። ደንገሉ ለእርሻ እየተመነጠረ ሳሳ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረ።

ስለ ጣና ስንመክር ስለ ውኃው፣ ስለ አረሙ፣ ስለ ቱሪስቱ እናወራለን። ደንገል የት እንደሚበቅል፣ ዓሣ መቼ እንቁላሉን እንደሚጥል አብሮ ኖሮ የሚያውቀውን ሰውስ ማን ጠየቀው? ቋንቋው ሲጠፋ አልሰማንም። እውቀቱ ሊከተለው ሲነሳም አልሰማንም ብንል ማን ያምነናል?