ከባቡር ሐዲድ ወደ ብስክሌት መንገድ፤ የአኪል መስመር ታሪክ

ተማሪዎቻችን ታሪክን የሚፈልጉት አብዛኛውን ጊዜ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ነው። በየቀኑ የሚረግጡት መንገድም ታሪክ እንዳለው ሲነገራቸው ይገረማሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድ መንገድ ታሪክ ለመምህራን ለማቅረብ አስበናል። መንገዱ የሚገኘው በምዕራብ አየርላንድ፣ በማዮ አውራጃ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተከለለ ነው፤ መኪና አይገባበትም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ከዌስትፖርት ከተማ ተነሥቶ በኒውፖርትና በማልራኒ በኩል አድርጎ ከአኪል ደሴት ፊት ለፊት ይደርሳል። በዚህ አቅጣጫ የሚጓዝ ብስክሌተኛ በስተግራው ትናንሽ ደሴቶች የተበተኑበትን የክሉን ወሽመጥ፣ ከወሽመጡም ማዶ 764 ሜትር ከፍታ ያለውን የክሮ ፓትሪክን ተራራ ያያል። በስተቀኙ ደግሞ የበግ መሰማሪያ፣ ረግረግ መሬትና ተራራ አለ። አገሩ ወጣ ገባ ሆኖ ሳለ መንገዱ ግን ብርቱ ዳገት የለውም። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብረት መንኰራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚያንሸራትተው ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይችልም። ስለሆነም የባቡር መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ጉብታውን ይቈርጣሉ፤ ጐድጓዳውን ይደለድላሉ፤ ወንዙን በድልድይ ይሻገራሉ። በኒውፖርት የሚታየው ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ የዚሁ ሥራ ምስክር ነው። እንግዲህ የዛሬው ብስክሌተኛ ሳይደክም የሚያልፈው ከመቶ ዓመት በፊት የቀን ሠራተኞች ባስተካከሉት መሬት ላይ ነው።

የባቡሩ መስመር ለምን ተሠራ? እንደሚታወቀው ከ1845 እስከ 1852 ድረስ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ በመጥፋቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኃብና በበሽታ አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰዷል። ማዮ ክፉኛ ከተጐዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። ችግሩ ከዚያም በኋላ በምዕራቡ ጠረፍ ስላልተወገደ፣ አገሪቱን ይገዛ የነበረው የብሪታንያ መንግሥት በ1889 ስለ ቀላል የባቡር መንገዶች ሕግ አወጣ። የሕጉ አመንጪ በጊዜው የአየርላንድ ጉዳይ ኃላፊ የነበረው አርተር ባልፎር ነው። ዓላማውም ለድኃው ሕዝብ የቀን ሥራ ለመስጠትና የጠረፉን ዓሣና ምርት ከገበያ ጋር ለማገናኘት ነበር። በዚህ መሠረት ባቡሩ በየካቲት 1894 ኒውፖርት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ማልራኒ፣ በግንቦት 1895 ደግሞ አኪል ደረሰ።

ይሁን እንጂ የአኪል ሰው ኑሮውን የሚደጉመው በዓሣ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ጠባብና ለም ያልሆነ ስለ ነበር ወጣቶቹ፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በየዓመቱ ወደ ስኮትላንድ እየተሻገሩ ድንች በመልቀም ለቤተሰባቸው ገንዘብ ያመጡ ነበር። ባቡሩ አኪል ከመድረሱ በፊት፣ ሰኔ 14 ቀን 1894፣ እነዚህን ሠራተኞች የጫነች ጀልባ ወደ ዌስትፖርት ወደብ ስትቃረብ ተገለበጠች። በጀልባዋ ላይ የነበሩት ወጣቶች ወደ ስኮትላንድ የምትወስዳቸውን መርከብ ለማየት ወደ አንድ ወገን በመሰብሰባቸው ሚዛኗን ስታለች ይባላል። 32 ሰዎች ሰጠሙ። አስከሬናቸውም ለሕዝብ ገና ባልተከፈተው ሐዲድ ላይ በባቡር ተጭኖ ወደ አገራቸው ተመለሰ።

ከ43 ዓመታት በኋላ፣ መስከረም 16 ቀን 1937፣ በስኮትላንድ በኪርኪንቲሎክ ከተማ ድንች ለቀማ ሄደው የነበሩ አሥር የአኪል ልጆች ሌሊት በተኙበት ቤት በእሳት አለቁ። ከሁሉም ታናሹ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የእነርሱም አስከሬን በዚያው ባቡር ወደ አኪል ገባ። መስመሩም በዚያው ወር መጨረሻ ተዘጋ።

በአካባቢው የሚነገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ ብሪያን ሩዋ የተባለ ባለ ትንቢት፣ ጭስ የሚተፋ የብረት ሠረገላ ወደ አኪል እንደሚመጣ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጕዞም ሬሳ እንደሚጭን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር ይላሉ። እዚህ ላይ የታሪክ መምህር ሊጠነቀቅ ይገባል። ዘመኑን ብናመሳክር፣ እስከ ኒውፖርት ያለው ክፍል ከአደጋው አራት ወር ቀደም ብሎ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ መስመሩ የተዘጋውም ቀብሩ ካለፈ ቀናት ቈይቶ ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያውና የመጨረሻው» የሚለው አባባል ከቀኑ ጋር በትክክል አይገጥምም። ነገር ግን አፈ ታሪኩን ተረት ነው ብለን ብቻ መተው የለብንም። ሕዝቡ ባቡሩን በምን እንደሚያስታውሰው ይነግረናልና። በባለሥልጣኖቹ ዘንድ የልማት መንገድ የነበረው፣ በእናቶች ዘንድ የልጅ መሸኛ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር መንገድ ብቻውን አገር እንደማያለማ ነው። በእኛ አገር ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ድሬዳዋን የመሰለች የንግድ ከተማ አስገኝቷል። በማዮ ግን ሐዲዱ ሥራና ትርፍ ሊያከማች አልቻለም፤ ይልቁንም መውጫውን አቀለለ። ልዩነቱ ከብረቱ ሳይሆን በመንገዱ ዳርና ዳር ካለው ኑሮ የመጣ ነው። ልጆቻቸውን ለሥራ ባሕር ማዶ የሸኙና ሬሳቸውን የተቀበሉ ወላጆች ሐዘንም ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

መስመሩን ያዘጋው ዋናው ምክንያት የገቢው ማነስና የመኪና መስፋፋት ነበር። ሐዲዱ ተነቀለ፤ መሬቱም ወደ አዋሳኝ ገበሬዎች እጅ ገባ። ከሰባ ዓመት በላይ ጠፍ ሆኖ ከቈየ በኋላ በ2010 የመጀመሪያው ክፍል፣ በ2011 ደግሞ ሙሉው መንገድ ለብስክሌት ተከፈተ። ይህ የተቻለው መሬቱ በግዴታ ተወስዶ ሳይሆን ገበሬዎቹ ሰው በመሬታቸው እንዲያልፍ በመፍቀዳቸው ነው። ባቡሩን ያሸነፈው መኪና አውራ ጐዳናውን ሲያጨናንቅ፣ ጸጥታ የተገኘው ባቡሩ በተወው መንገድ ላይ ሆነ። በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለሥራ ያበቃው በዚያው ደሴት፣ በቤልፋስት ከተማ፣ በ1888 መሆኑን ስናስብ፣ ብስክሌቱ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ያህል ነው። ዛሬ ጐብኚው ይመጣል፤ ለወጣቱም በአገሩ የሚሠራው ሥራ በመጠኑ ተገኝቷል። ስደት የወጣበት መንገድ እንግዳ የሚገባበት ሆነ ማለት ነው።

መምህራን ይህን ታሪክ በክፍል ሲያቀርቡ፣ ተማሪዎች በየአካባቢያቸው አንድ አሮጌ መንገድ፣ ድልድይ ወይም ባቡር ጣቢያ መርጠው ሦስት ጥያቄ ይዘው ሽማግሌዎችን እንዲጠይቁ ቢያደርጉ መልካም ነው። መንገዱን ማን ሠራው? ማን ሄደበት? ማንስ ተመለሰበት? የሰሙትንም ከተጻፈው ቀን ጋር ያመሳክሩ። ሁለቱ የማይገጥሙበት ቦታ ሲገኝ የታሪክ ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ ነው።