የሠርጋችን ፎቶ ለምን ቀጥ ብሎ ይቆማል?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። የቀድሞ ተማሪዎቼ ልማዴን ስለምታውቁት ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

እስቲ የእናትና የአባታችሁን የሠርግ ፎቶ አውጥታችሁ እዩት። ቆቦ ይነሳ ሮቢት፣ ጎብዬ ይነሳ ዋጃ፣ ያን ያህል አይለያይም። ሙሽራው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጁ ከጎኑ አልተላቀቀም። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታለች። ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ እንደ ዘብ ተሰልፈዋል። የሚስቅ ሰው የለም። እነዚህ እኮ ከአንድ ሰዓት በፊት ዳሱ ውስጥ አቧራው እስኪጨስ ሲጨፍሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው! ራያ ሲጨፍር ያየ ሰው ያንን ፎቶ አይቶ «የሠርግ ነው የመታወቂያ?» ቢል አይፈረድበትም።

ይህ አቋቋም ከየት መጣ? ታሪክ አለው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ጦሩ ያለፈው በደጋው፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ነው፤ ከእኛ ቆላ ሆነን ቀና ስንል ከምናየው ተራራ ማዶ ማለት ነው። ያኔ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ መድኃኒት ተቀብቶ ገና እርጥብ እያለ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ሳይደርቅም እዚያው ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ብርሃኑን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለሆነ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ጉም መስሎ ይቀራል። ፎቶ ውስጥ መግባት የፈለገ ሰው እንግዲህ እንደ ምሰሶ መቆም ነበረበት።

ቀጥሎ ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የሚባል አርመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሥራውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወረሱ፤ ቶኒ አፄ ኃይለ ሥላሴን አንስቷል። ንጉሥ በፎቶ አይስቅም፤ መኳንንቱም አይስቁም። የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ይህንን ወግ ወሰዱ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከዚያ በአውራ ጎዳናው ወደ ወልድያና ወደ እኛ ወረደ። እኔ እንዲህ ይመስለኛል፦ የራያ ገበሬ በሠርጉ ቀን እንደ ደጃዝማች የቆመው በአጋጣሚ አይደለም። ለአንድ ቀን ንጉሥ ነዋ! ሙሽራን ዘውድ የምንጭንለት ለምን ሆነና።

በኋላ ፊልሙም ካሜራውም ፈጠነ፤ መቆሙ ግን አልቀረም። አሁን ምክንያቱ ብር ነው። ትልቁ ፊልም በአራት ማዕዘን ሲነሳ የሚሰጠው 12 ፎቶ ብቻ ነው፤ ትንሹ ቢበዛ 36። ፎቶ አንሺው በልቡ እየቆጠረ ነው የሚውለው። አንድ ለሙሽሮቹ፣ አንድ ከሚዜዎች ጋር፣ አንድ ከወላጆች፣ አንድ ከሽማግሌዎች። የምትስቅ አክስት ወይም ጠላ የሚቀዳ ልጅ ላይ ፊልም የሚያባክን ማን አለ? ሰውም «እንዳይበላሽ» ብሎ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ክፍል ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላው ነው።

እዚያው እኛ አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ሰዎች ሳይዘጋጁ፣ ሳይቆሙ፣ «አንሱኝ» ሳይሉ የተነሱባቸው ምስሎች አሉ። ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየቆራረጠ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበ ሰውና ድግስ በአንድ ስክሪን ጎን ለጎን! የኛ ሰው ፊት መንግሥት መጣያ ሆኖ አገለገለ፤ የፊቱ ባለቤት ግን ያንን አያውቅም ነበር።

ከዚያ 1977 መጣ። ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረም ገቡ፤ ከአላማጣ ዳገቱን ጨርሰን የምንደርስባት ኮረም፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው። ጥቅምት 13 ቀን ምስሉ በቢቢሲ ታየ፤ ዓለም ተንጫጫ፤ ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ያ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። እህል መጣ፤ ሰው ተረፈ። ለዚህ መሐመድ አሚንን አመሰግናለሁ፤ ውለታ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ከምናያቸው እናቶች ስንቶቹ አንድ ጥር ላይ ሙሽራ ነበሩ? ሹሩባ ተሠርተው፣ እልል ተብሎላቸው፣ በቅሎ ላይ ወጥተው ነበር። ያ ቀን ፎቶ የለውም። ያላቸው ፎቶ ያ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም እነሱ አላዩትም።

ሞታችንን ሳንዘጋጅ አነሱት። ሠርጋችንን ግን ትንፋሻችንን ይዘን ነው የተነሳነው። በ2013ና በ2014 ደግሞ ቆቦ የዓለም ዜና ውስጥ የገባችው በጦርነት ነው። ስለ ራያ ምንም የማያውቅ ሰው በምስል ብቻ ቢፈርደን እዚህ ቆላ ሰው ስቆ የሚያውቅ አይመስለውም።

«ዶክመንተሪ ሠርግ» የሚባለው የፎቶ ስልት እኔን የሚስበኝ ለዚህ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ፎቶ አንሺው አያዝም፣ አያሰልፍም፤ ያያል፣ ይጠብቃል፣ ያነሳል። የመጣው ከዜና ሰዎች ዘንድ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ላይካ የምትባለው ትንሽ ካሜራ ገበያ ስትወጣ ጋዜጠኛው ካሜራውን በእጁ ይዞ ከሰው መሐል መግባት ቻለ። ያንን የዜና ዓይን ወደ ሠርግ ከወሰዱት መሐል ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ዴኒስ ሬጂ ነው። በመስከረም 1989 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ሲያገባ፣ ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሙሽራው የሙሽራዋን እጅ ሲስም ያነሳው እሱ ነው። ማንም «ሳም» አላለውም። ያቺን ፎቶ ዓለም አየ፤ ከዚያ በኋላ ፈረንጁ ሁሉ እንደዚያ ይነሳልን አለ።

እኛ ዘንድም ደርሷል፤ ግን አንዳንዱ ያስቀኛል። «እንዳላያችሁኝ ሁኑ! ሳቁ! አሁን ደግሞ እየተሳሳቃችሁ ተራመዱ፤ አልወጣም፣ ድገሙት!» ይህ ያው የድሮው መቆም ነው፤ ጥርስ ጨመረበት እንጂ።

እውነተኛው ዓይን እኛ ሠርግ ላይ ቢገኝ ምን ያያል? ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሰዉ እፎይ ያለበትን ወር ያያል። ከዳሱ ጀርባ ይሄድና ሁለቱን የድስት ረድፍ ያያል። ክርስቲያኑ ሲድር ለእስላም እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፣ አራጁም ወጥ ሠሪዋም እስላም ናቸው፤ እስላሙ ሲድርም ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ። በዚህኛውና በዚያኛው እሳት መሐል ሽንኩርት እየተቀባበሉ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አዝላ የሚሠሩትን ሴቶች ስንት ዓመት አየናቸው? በየትኛው አልበም አሉ? ስለ ወሎ መቻቻል መድረክ ላይ ሲወራ ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል፤ ያቺን የሽንኩርት ቅብብል ግን በፎቶ ባገኛት ክፍል ይዤ ገብቼ አስተምርባት ነበር።

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ያለውንም ያያል። መኪናው አቧራ አንስቶ ሲርቅ ካሜራው ሁሉ አብሮ ይከተላል፤ እናት ግን ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ይህን ስል የድሮዎቹን ፎቶዎች እንደማጣጥል አትቁጠሩብኝ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ ካሜራውን ትክ ብሎ የሚያየው አባት «እንዲህ አስታውሱኝ» እያለ ነው። ኮረም ላይ ያልተሰጠው መብት ይህ ነበር። ስለዚህ ያቺ የቆመች ፎቶ ትነሳ፤ ሽማግሌዎቹም ደስ ይላቸዋል። ከእሷ በፊትና ከእሷ በኋላ ያለው ነው የጎደለን።

ፎቶ ለምታነሱ የቀድሞ ተማሪዎቼ (አራት አምስት መሆናችሁን አውቃለሁ) አንድ ነገር ልለምን። «ሳያውቁ ማንሳት» ማለት «ሳይፈቅዱ ማንሳት» አይደለም። ከሠርጉ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ቡና ጠጡ፣ እናቶቹ ይልመዷችሁ። ኒካሕ ላይ ሴቶቹ ካሜራ ካልፈለጉ ካሜራውን አውርዱ። ያለቀሰ ሰው አንስታችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት፤ ፌስቡክ ላይ መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው እሱ ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ የወላጆቹን የሠርግ ፎቶ ስልኩ እስኪጠፋ አይጠብቅ። አንድ ቅጂ ለእህት፣ አንድ ለወንድም ይስጥ። ከጀርባው ማን ማን እንደሆነ፣ ዓመቱንና መንደሩን ይጻፍበት፤ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ነው። እኔ ዘንድ ካሉት በአንዱ ላይ፣ ከሚዜዎቹ ኋላ፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ የገባ አንዲት ልጅ አለች፤ ጥርሷ በሙሉ ይታያል፣ ከሁሉም መሐል የምትስቀው እሷ ብቻ ናት። ስሟን የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።