ኩልና ድንጋዩ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመኝታ በፊት ኢስሚድ ይኳሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ታዲያ ዛሬ ከገበያ «ኢስሚድ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ምንድን ነው? ኢስሚድ የአንቲሞኒ ድንጋይ እንደሆነ ይነገራል። የጥንት ግብፃውያን ግን ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከጀበል ዘይት፣ ጋሌና የሚባለውን የእርሳስ ማዕድን ቆፍረው ይኳሉ ነበር። ሁለቱም ጥቁርና አብረቅራቂ ናቸውና ስማቸው ተደባለቀ፤ በላቦራቶሪ ከተመረመሩት «ኢስሚዶች» ብዙዎቹ ጋሌና ሆነው ተገኝተዋል። እርሳስ ደግሞ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን የሚጠባውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። (ነገራችን ላይ፣ «አልኮል» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ «አል-ኩሕል» ነው!)

በህንድ እናቶች ዘንድ ድንጋይ የማይገባበት የቆየ አሠራር አለ። የጥጥ ፈትል በጉሎ ዘይት ነክረው ያበሩና የነሐስ ሳህን ይደፉበታል፤ ሳህኑ የያዘውን ጥላሸት ጠርገው በንጹሕ የተነጠረ ቅቤ ይለውሱታል።