ዕዳ ከሜዳ፤ ከቁራኛ እስከ ደረሰኝ

ታሞ ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሰው ‹የአልጋ ቁራኛ ሆነ› እንላለን። ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ቁራኛ የችሎትና የዕዳ ቃል ነው። በድሮው ሥርዓት ዋስ ያልጠራ ተበዳሪ፣ ነገሩ እስኪቋጭ ድረስ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። ገበያ ሲወጣ፣ ዘመድ ሲማጸን፣ ሲተኛም ባለገንዘቡ ከጎኑ ነው።

ጭካኔ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ያስር ነበር። ስለዚህ እሱም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ እማኙ ማን ነው የሚለውም ፊት ለፊት ይነገራል፤ ዕዳው የማን እንደሆነ የሚጠፋበት ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ዕዳ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ጠያቂው ሩቅ ነው፣ ቁጥሩ የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው፣ የሚመጣው ሰብሳቢ ብቻ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያው ያለው ገበሬ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ አይቶታል። እስቲ በየተራ እንያቸው።

‹ማን ገመተው?›

የመጀመሪያው የመንግሥት ግብር ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርን አመጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ነው ነገሩ። ችግሩ የገበሬውን ምርት የሚገምቱ ሰዎች መመደባቸው ላይ ነበር። ገማቹ አይቶ የጻፈው ቁጥር የገበሬው ዕዳ ይሆናል።

የጎጃም ገበሬ መሬቱ ርስት ነው። ግምቱ ነገ ልኬት እንደሚያስከትል፣ ልኬቱም ርስቱን እንደሚነካ ጠረጠረ። በሹማምንቱ ላይ የነበረው የጉቦ ምሬት ተጨመረበት። ወዲያው አመፅ ተነሳ። ጠንክሮ የታየው በሞጣና በቢቸና ቢሆንም ጥያቄው የመላው ጠቅላይ ግዛት ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ተጠቀመ፤ ገበሬው ግን አልበገር አለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከጎጃም ተነስተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ያለፉት ዓመታት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ብዙዎች ይህንን ‹ጎጃሜ ግብር አልከፍልም አለ› ብለው ያሳጥሩታል። እኔ እንዲህ አላየውም። ያው ገበሬ የግብር ደረሰኙን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር። ምክንያቱም መሬቱ የእሱ ለመሆኑ አንዱ ማስረጃ እሱ ነው። ከፍሎ ደረሰኝ መቀበልን አልጠላም። የጠላው በሌላ ሰው ዓይን የተገመተ ዕዳን ነው።

የበቆሎው ዓመት

ሁለተኛው የማዳበሪያ ዕዳ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የኤክስቴንሽን ፓኬጁን በሰፊው ሲዘረጋ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ከአገሪቱ የበቆሎ ጎተራዎች መካከል ሆኑ። ገበሬው ዳፕና ዩሪያውን፣ ምርጥ ዘሩን ሲወስድ ጥቂት ቅድሚያ ይከፍላል፤ የቀረውን ከአጨዳ በኋላ ሊከፍል ይፈርማል።

አሠራሩን ልብ በሉ። ብድሩን የሚሰጠው ባንክ ነው፣ ዋሱ ግን የክልሉ በጀት ነው። ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ክልሉ ዞኑን፣ ዞኑ ወረዳውን፣ ወረዳው ቀበሌውን ይጫናል። ትናንት ‹እንዲህ ዝራ› ብሎ ሲያስተምር የነበረው የልማት ሠራተኛ አጨዳ ሲደርስ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ይመጣል። ለብቻው የተቋቋመ የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት አላስፈለገም።

ከዚያ 1993 እና 1994 ዓ.ም. መጡ። ምርቱ ሞላ፣ የበቆሎ ዋጋ ግን ወደቀ። የአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ብዙ ኩንታል በቆሎ መሸጥ ግድ ሆነ። ‹ዋጋው እስኪያገግም ልቆይ› ማለትም አልተቻለም፤ ሰብሳቢው የሚመጣው ዋጋው ዝቅ ባለበት በአጨዳ ሰሞን ነው። በሬውን የሸጠ አለ፤ መክፈል አቅቶት የታሰረም አለ። በ1994 ክረምት ደግሞ ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል አጠረ።

የቡድን ዋስትናም አለ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ የሆነው) መሬቱን ማስያዝ ለማይችለው ገበሬ በጎረቤቶቹ ዋስትና አበደረ። ይህ ብዙ ሰው ከአራጣ አበዳሪ እጅ አውጥቷል። ግን አንዱ ሲጠፋ ወይ ሲከስር ዕዳው ለቀሩት ነው። ‹ዕዳ ከሜዳ› የሚባለው ይኼኔ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ‹አረጋግጡልኝ› ብለው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። ሰብሳቢው እስኪያረጋግጥ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። እኛስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባዶ እጃችንን አልተወንም። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ይህ ግን ለመክፈልም ይሠራል። ‹በእማኝ ፊት መልሻለሁ› ማለት ብቻውን አያድንም፤ ደረሰኝ ያልያዘ ሰው የከፈለውን ደግሞ ሊከፍል ይችላል።

ልዩ ሕግ ከሌለ በቀር የውል ጥያቄ በ10 ዓመት በይርጋ ይታገዳል (አንቀጽ 1845)። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ዳኛው በራሱ ተነሳስቶ ይርጋ አያነሳልህም፤ አንተ ራስህ ማንሳት አለብህ። ሁለተኛ፣ በመካከል ዕዳውን ካመንክ ወይም ትንሽም ብትከፍል ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል (አንቀጽ 1851)። ‹ለጊዜው መቶ ብር ስጠኝና ልሂድልህ› የሚል ሰብሳቢ የጠየቀው መቶ ብር ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም የውል ግዴታውን መፈጸም ስላቃተው ብቻ ማንም አይታሰር ይላል። የበቆሎው ዓመት የመጣው ይህ ከተፈረመ ስምንት ዓመት በኋላ ነበር።

ዕዳ አይከፈል አላልኩም። ብድር በምድር ነው፤ የወሰደ ይመልስ። ግን ከመክፈሉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፦ ዋናው ስንት ነው? ወለዱ ስንት ነው? ፊርማው የማን ነው? እስካሁን የተከፈለው የት ተመዘገበ? የ1960ው ገበሬ ‹ማን ገመተው?› ብሎ ለመጠየቅ ጠመንጃ ማንሳት አስፈልጎት ነበር። ዛሬ ቢያንስ ሕጉ ጥያቄውን ይፈቅዳል። መጠየቁንና ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ማኖሩን የሚያስተምር ግን ብዙም አላይም።

እስቲ ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውሉ አባታችሁን ጠይቁልኝ፤ ደረሰኙ የት ነው ያለው?

ቸር እንሰንብት።