ከድርቆሽ ቤት ሰገነት እስከ ኦሎምፒክ
የአሠልጣኝ ፓት ሰሚት የሥራ ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፤ እኛ ተማሪዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ከመጻፍ ይልቅ ስለ አንዲት አሠልጣኝ ለመጻፍ መረጥን። «ኳስ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? ትምህርቷን ከማሰናከል በቀር ጥቅም የለውም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ለዚህ አነጋገር የወይዘሮ ፓት ሰሚት ታሪክ በቂ መልስ ይሆናል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፓት ሰሚት በ1952 በአሜሪካ፤ በቴነሲ ግዛት፤ ክላርክስቪል በተባለች ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ቀን ላም እያለቡና ድርቆሽ እየከመሩ፤ ማታ ከሦስቱ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ጋር በድርቆሽ ቤቱ ሰገነት ላይ ኳስ እየተጫወቱ አደጉ። በአካባቢያቸው ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ስላልነበረው፤ ቤተሰቡ ቡድን ወዳለበት ወረዳ ተዛወረ።

በዚያ ዘመን የቴነሲ ሴት ተማሪዎች የሚጫወቱት በልዩ ሕግ ነበር። በየቡድኑ ስድስት ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ ያጠቃሉ፤ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ የሜዳውን አጋማሽ መሻገር ግን ለማንኛቸውም አይፈቀድም። ሴት ልጅ ሜዳውን በሙሉ ለመሮጥ አቅም የላትም ይባል ነበርና ነው። ወይዘሮ ሰሚት በዚህ ሕግ ተጫውተው ስላደጉ፤ በኋላ አሠልጣኝ ሲሆኑ እንዲቀር አጥብቀው ተከራከሩ፤ በ1979ም ተለወጠ።

በ1974 በማርቲን ከተማ በሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳሉ ጉልበታቸው ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ቢሆንም ተስፋ አልቈረጡም። በዚያው ዓመት ገና በ22 ዓመታቸው በኖክስቪል የሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። በትምህርት ቤቶች በጾታ አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ገንዘቡና ክብሩ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልመጣም። ደመወዛቸው በወር 250 ዶላር ነበር፤ የተጫዋቾቹን ልብስ የሚያጥቡት፤ መኪናውንም የሚነዱት እርሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ 84 ለ83 ተሸነፉ።

እያሠለጠኑ ጉልበታቸውን አጠንክረው፤ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በገባበት በ1976 በሞንትሪያል ተሰለፉ፤ አገራቸውም የብር ሜዳሊያ አገኘች። በ1984 በሎስ አንጀለስ ደግሞ የአሜሪካ ቡድን አሠልጣኝ ሆነው ወርቁን አስገኙ። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ በ38 የጨዋታ ዘመን 1,098 ጊዜ አሸነፉ፤ 208 ጊዜ ተሸነፉ፤ ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜም ስምንት ጊዜ የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ዋንጫ ወሰዱ።

እኛን ከዋንጫው ይበልጥ የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቾቻቸው ከትምህርት እንዳይቀሩ፤ በክፍልም ከፊተኞቹ ሦስት ረድፎች በአንዱ እንዲቀመጡ ያዝዙ ነበር። በእርሳቸው ሥር የተፈቀደላቸውን የጨዋታ ዘመን የፈጸሙት ልጃገረዶች ሁሉ፤ አንዲት እንኳ ሳትቀር፤ በዲግሪ ተመርቀዋል።

በ2011 የማስታወስ ችሎታን የሚያጠፋው የአልዛይመር በሽታ እንደያዛቸው ሳይደብቁ ለሕዝብ ገለጹ፤ አንድ የጨዋታ ዘመንም ጨምረው በ2012 ከአሠልጣኝነት ተሰናበቱ። በ2016 በ64 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ሴት ልጃችሁ ኳስ ይዛ ስትወጣ ደብተሯን የጣለች አይምሰላችሁ። እኅቶቻችን ሆይ፤ እናንተም ኳሱን ስትይዙ ደብተሩን አትልቀቁ። እኛ ወንዶቹም ሜዳውን ለብቻችን መያዛችንን ትተን፤ ለእኅቶቻችን ተራ እንስጥ።