«ይህንንም አታውቅም?»፦ ጀማሪን የሚያስወጣ መልስ

በፎቶ፣ በቼዝ ወይም በጓሮ አትክልት ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ጀማሪ ሲጠይቅ «ይህንንም አታውቅም?» ይባላል። አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይወጣል።

የይፋት ቆላ ሌላ ልማድ አለው። ሸዋ ሮቢት አጠገብ ያለችው ጎዜ በጥንታዊ መስጊዷ ትታወቃለች። በዚህ አካባቢም ሆነ በወሎ መንዙማ ሲባል አንዱ ያወጣል፣ የተቀመጠው ይቀበላል። አዲስ የመጣ ሰው ረጅሙን ግጥም ባያውቅም አዝማቹን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ይቀላቀላል፤ ማንም አይፈትነውም። ዐረብኛ የማያነበው ገበሬ ብዙ የሃይማኖት ትምህርት ያገኘው በአማርኛ መንዙማ ነው።

ዊኪፒዲያም በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ለማንም ክፍት ነበር፤ «ጀማሪዎችን አትንከሱ» የሚል መመሪያም አወጣ። ሆኖም የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ንቁ ጸሐፊዎች ከ2007 በኋላ ቀነሱ። በ2013 የወጣ ጥናት አንዱን ምክንያት አሳየ፦ በቅን ልቦና የጻፉ ጀማሪዎች ሥራ ከቀድሞው ይበልጥ ይሰረዝ ነበር፤ ለብዙዎቹም የሚደርሳቸው የመጀመሪያ መልእክት ማሽን የላከው ማስጠንቀቂያ ነበር። ብዙዎቹ አልተመለሱም።

መመሪያ ብቻውን እንግዳ አይቀበልም። የግሩፕ አስተዳዳሪ አባላቱን ይቆጥራል፤ አንዴ ጠይቀው ዳግም ያልጻፉትን ግን ማንም አይቆጥርም። ስህተት ይታረም፤ መጀመሪያ ግን አዝማቹን አስይዞ ነው።